ለቢራቢሮ የእርጥብ አሸዋ ሳህን

አበባው ሞልቶ ሳለ ቢራቢሮዎች ብቅ ብለው ወዲያው የሚሄዱ ከሆነ፣ የሚጠጡበት ቦታ አዘጋጁላቸው። ቢራቢሮ እንደ ወፍ ከገንዳ ውሃ አይጠጣም፤ ከእርጥብ መሬት ነው የሚመጠው።

ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ዝርግ ሳህን በአሸዋ ሙሉ። አንድ እፍኝ ኮምፖስትና አንድ ቁንጥር ጨው ቀላቅሉበት። ከዚያ አሸዋው እስኪርስ ብቻ ውሃ ጨምሩ። ውሃው ከላይ ከተኛ ቢራቢሮው ማረፊያ ያጣል፣ የወባ ትንኝም ይራባበታል። ክንፋቸውን የሚያሞቁበት አንድ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ አኑሩና ሳህኑን ፀሐይ በሚያገኝ፣ ነፋስ በማይበዛበት ቦታ አበባው አጠገብ አስቀምጡት።

ጨው ለምን? የአበባ ወለላ ስኳር እንጂ ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ማዕድን) እምብዛም የለውም። በብዙ ዝርያዎች ወንዶቹ ሶዲየሙን ከእርጥብ አፈር ሰብስበው በርቢ ጊዜ ለሴቷ ያስተላልፋሉ፤ ሳህኑ ላይ የሚሰበሰቡትም በአብዛኛው ወንዶች ናቸው።

በሞቃት ቀን አሸዋው ቶሎ ስለሚደርቅ በየቀኑ አርጥቡት፤ ግን በንጹህ ውሃ ብቻ። ውሃው ሲተን ጨው ወደ ኋላ ስለሚቀር በየጊዜው መጨመር ያበዛዋል። አሸዋውን ስትቀይሩም አበባው ሥር አትድፉት፣ ጨው ሥሩን ይጎዳል። ፀረ ተባይ የምትረጩ ከሆነ ግን ሳህኑን አታስቀምጡ፤ ቢራቢሮዎቹን ወደ መርዝ መጥራት ይሆናል።