የአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውጤት ከተማሪዎቹ ስብጥር ጋር እንዴት ይነበባል?

የአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን ከሁሉ ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው ያለፉት ተማሪዎች በመቶኛ ስንት ናቸው የሚለው ቁጥር ነው። ወላጅ ልጁን የት እንደሚያስመዘግብ፣ የበላይ አካልም የትኛውን ትምህርት ቤት እንደሚያመሰግንና የትኛውን እንደሚወቅስ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ትምህርት ቤቱ ያስተማረውን ብቻ ሳይሆን ልጆቹ ከቤታቸው ይዘውት የመጡትንም አብሮ የያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በጄምስ ኮልማን መሪነት በአሜሪካ የተካሄደው ሰፊ ጥናት የተማሪዎች ውጤት ከትምህርት ቤቱ ሀብት ይልቅ ከቤተሰባቸው ሁኔታ ጋር በጥብቅ የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ማለት ትምህርት ቤት ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም፤ ያመጣውን ለውጥ ለማየት ግን ማን እንደተማረበት አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሥራው የሚጀምረው ከምዝገባ መዝገብ ነው። በየክፍሉ ስንት ልጆች እንደተመዘገቡ፣ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ለፈተና እንደተቀመጡና ያልተቀመጡት እነማን እንደሆኑ ይጠይቁ። ማንበብ የሚከብዳቸው ልጆች በፈተናው ቀን ቢቀሩ አማካዩ ከፍ ይላል፤ አንድም ልጅ ግን የተሻለ አልተማረም። የተፈታኞቹ ቁጥር ከተመዝጋቢዎቹ በግልጽ ካነሰ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ውጤቱን ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር አለማወዳደር ይበጃል።

ቀጥሎ ውጤቱን በቡድን ይከፋፍሉት። ይህ እርምጃ ለምን ሊታለፍ እንደማይገባ በምሳሌ እንመልከት። አንድ ትምህርት ቤት አምና 100 የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩት እንበል። ከእነዚህ 80ዎቹ የማስተማሪያውን ቋንቋ በቤታቸው የሚናገሩ፣ 20ዎቹ ደግሞ ቋንቋውን ገና የሚለምዱ ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ 60፣ ከኋለኞቹ 6 አለፉ፤ በድምሩ 66 በመቶ ማለት ነው። ዘንድሮ የክፍሉ ተማሪዎች ቁጥር እንደዚያው 100 ቢሆንም ስብጥሩ ተለውጦ 60 እና 40 ሆነ፤ ከ60ዎቹ 48፣ ከ40ዎቹ 14 አለፉ፤ በድምሩ 62 በመቶ። ጠቅላላውን ብቻ ያየ ሰው ትምህርት ቤቱ ወደ ኋላ ሄደ ብሎ ይደመድማል። በቡድን ሲታይ ግን የመጀመሪያዎቹ ከ75 ወደ 80 በመቶ፣ ሁለተኛዎቹ ከ30 ወደ 35 በመቶ አድገዋል። መምህራኑ ከሁለቱም ቡድን ጋር የተሻለ ሠርተው ሳለ በጠቅላላው ቁጥር ምክንያት ሊወቀሱ ነው፤ ይህ ደግሞ ከባድ በደል ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ በአካባቢው የኑሮ ደረጃ መለወጥ ብቻ ውጤቱ ከፍ ያለለት ትምህርት ቤት ያልሠራበትን ምስጋና ይወስዳል።

የማለፊያ ነጥብ ራሱም የሚሸፍነው ነገር አለ። ማለፊያው 50 ከሆነ ከ48 ወደ 51 ያደገ ልጅ በመቶኛው ውስጥ ይታያል፤ ከ20 ወደ 40 የደረሰው ግን እጥፍ ቢያሻሽልም አይታይም። ስለዚህ ከማለፊያ መቶኛው ጋር አማካይ ነጥቡንና ከታች ያሉት ልጆች የት እንደደረሱ አብረው ይጠይቁ። ከተቻለም የዘንድሮን አራተኛ ክፍል ከአምናው አራተኛ ክፍል ጋር ከማነጻጸር ይልቅ እነዚሁ ልጆች አምና ሦስተኛ ክፍል ሳሉ ካገኙት ጋር ያነጻጽሩ፤ በመሐል የተዛወሩትንና የደገሙትን ግን ለብቻ ይመዝግቡ።

በየትኞቹ ቡድኖች ይከፈል? ጾታ፣ የቤት ቋንቋ፣ የቤተሰብ ኑሮ እና የልዩ ፍላጎት ድጋፍ የተለመዱት ናቸው። በኑሮ መለኪያ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ነጻ የትምህርት ቤት ምሳ የማግኘት መብት በብዙ ቦታ ለድህነት መለኪያነት ያገለግላል፤ ምሳ ለሁሉም ልጅ በነጻ በሚቀርብበት ትምህርት ቤት ግን ቁጥሩ ማን እንደተቸገረ መናገሩን ያቆማል። እኔ በዚህ ላይ የልደት ወርን እጨምራለሁ፤ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ነውና። በአንድ ክፍል ውስጥ በዕድሜ ትልቁና ትንሹ ልጅ እስከ አንድ ዓመት ሊለያዩ ይችላሉ፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ይህ የዕድሜው አንድ ሰባተኛ ስለሆነ በታችኛዎቹ ክፍሎች ትንንሾቹ «ደካማ» ተብለው የሚፈረጁት ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው።

የመቅረት መዝገብም ከውጤቱ ጎን ይቀመጥ። የመቅረት አማካይ ብቻውን አይበቃም፤ በጥቂቱ የሚቀሩ ብዙ ልጆችና በብዛት የሚቀሩ ጥቂት ልጆች አንድ ዓይነት አማካይ ሊሰጡ ይችላሉ። በአሜሪካ በስፋት የሚሠራበት መለኪያ ከትምህርት ቀናቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ የቀረውን ልጅ ለይቶ መቁጠር ሲሆን፣ በ180 ቀናት የትምህርት ዘመን ይህ 18 ቀን፣ ማለትም በወር ሁለት ቀን ያህል ነው። የአንድ ቡድን ውጤት ዝቅ ብሎ ከትምህርት የመቅረት መጠኑም ከፍ ካለ ስለ ማስተማር ዘዴ ከመነጋገር በፊት ልጆቹን ከትምህርት ገበታ ያስቀራቸው ምን እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል፤ ሕመም፣ የመንገድ ርቀት፣ ታናናሾችን መጠበቅ ወይም የቤት ኪራይ እያስለቀቀ የሚያዘዋውረው ቤተሰብ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ የቡድኑን መጠን ያጢኑ። ስምንት ልጆች ባሉበት ቡድን የአንድ ልጅ ማለፍ ወይም መውደቅ መቶኛውን በ12.5 ነጥብ ያንቀሳቅሰዋል፤ አንድ ልጅ በፈተናው ዕለት ትኩሳት ስለነበረው ብቻ «ቡድኑ አሽቆለቆለ» ሊባል ነው። ለእንዲህ ያሉ ቡድኖች የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ውጤት ደምሮ ማየት የተሻለ ነው። ከዚህም በላይ ክፍሉን የሚያውቅ ሰው ከትንሽ ቁጥር ተነሥቶ ልጁን በስሙ ሊለየው ስለሚችል፣ ከአሥር ልጆች በታች የሆነ ቡድን ውጤት በማስታወቂያ ሰሌዳም ሆነ በወላጆች ስብሰባ አይቅረብ፤ የሚመለከታቸው መምህራን ብቻ ይነጋገሩበት።