ከጅማ ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለሄዱ የአካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች፦ ሳይጠየቅ የማይሰጥ መብት

ጅማ ስማር ሰሌዳው እንደማይታየኝ የሚያውቁ ጓደኞቼ ሳልጠይቃቸው ያነቡልኝ ነበር። ኮቺ በሚባለው የጅማ ሰፈር በተከራየነው ቤት በረንዳ ላይ ማታ ማታ አንዱ ሃንድአውቱን ጮክ ብሎ ሲያነብ እኔ እየሰማሁ አጠና ነበር፤ አብዛኞቹ መምህራንም ሁኔታዬን ስለሚያውቁ ፈተና ላይ ደቂቃዎች ይጨምሩልኝ ነበር። ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ አሜሪካ ስሄድ ከዚህ የተሻለ እንጂ ያነሰ አልጠበቅሁም። ሆኖም በመጀመሪያው ሴሚስተር ማንም መጥቶ ምን እንደሚያስፈልገኝ አልጠየቀኝም። ነገሩ የቸልተኝነት ሳይሆን የሕጉ አሠራር መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ዛሬ ጅማ ተመልሼ የጉዞ ወረቀታቸውን የሚያሰናዱ ወጣቶች ሲያማክሩኝ በመጀመሪያ የምነግራቸው ይህንኑ ነው።

በአሜሪካ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ የአካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ፈልጎ የመለየት ግዴታ የትምህርት ቤቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ግዴታው ይዞራል፤ ተማሪው ራሱ ሁኔታውን ካላሳወቀና ካልጠየቀ ተቋሙ እንዲያመቻችለት አይገደድም። ከጠየቀ ግን እ.ኤ.አ. የ1973 የተሐድሶ ሕግ አንቀጽ 504 እና የ1990 የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ሕግ ይጠብቁታል። ሁለቱም ዜግነትን መስፈርት አያደርጉም፤ በተማሪ ቪዛ የገባ የጅማ ልጅና እዚያው የተወለደ ተማሪ በዚህ ረገድ እኩል ናቸው። ተማሪው ለተፈቀደለት ማመቻቸትም (ለምሳሌ ለተጨማሪ የፈተና ሰዓት) ዩኒቨርሲቲው ክፍያ ሊጠይቀው አይችልም።

እኛ ዘንድ «ሰው አላስቸግርም» ማለት ጨዋነት ነው፤ ይሉኝታ የሚያስመሰግን ጠባያችን መሆኑንም አምናለሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ይጎዳል። እኔ «እንግዳ ሆኜ ገና ከመምጣቴ» ብዬ ዝም በማለቴ የመጀመሪያውን ሚድተርም በመደበኛው ሰዓትና በደቃቅ ፊደል ተፈተንሁ፤ ግማሹን ሳልደርስበት ወረቀቱ ተሰበሰበ። በማግስቱ ወደ ዩኒቨርሲቲው የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ ሄጄ ተጨማሪ ሰዓት ቢፈቀድልኝም ያለፈው ውጤት እንዳለ ቀረ፤ ማመቻቸት በአብዛኛው ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራምና። ስለዚህ ለቢሮው የሚጻፈው ኢሜይል መላክ ያለበት የቅበላ ደብዳቤው እንደ ደረሰ፣ ገና ከጅማ ሳይነሱ ነው፤ በተለይ የተለየ የዶርም ክፍል የሚያስፈልገው ሰው ክፍሎቹ ከመደልደላቸው በፊት መጠየቅ አለበት። ቅበላ እንዳይከለከሉ ሰግተው ሁኔታቸውን የሚደብቁም አሉ። ዩኒቨርሲቲው ግን ከቅበላ በፊት ስለ አካል ጉዳት እንዳይጠይቅ ሕጉ ይከለክለዋል፤ ከቅበላ በኋላ ለቢሮው የሚነገረውም ትራንስክሪፕት ላይ አይሰፍርም።

የሕክምና ማስረጃውን ከአገር ሳይወጡ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ ያድናል፤ እዚያ አዲስ ምርመራ ማስደረግ ውድ ነው፣ ክፍያውም በአብዛኛው የተማሪው ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ሆነ በሌላ ሆስፒታል ማስረጃ ስታጽፉ ሐኪሙን በትሕትና ግን በግልጽ ጠይቁት፤ የበሽታው ስም ብቻውን አይበቃም። ቢሮው ማወቅ የሚፈልገው ሁኔታው ተማሪውን ምን እንዳይሠራ እንደሚያግደው ነው። «የማየት ችግር አለበት» ከሚል ወረቀት ይልቅ የእይታውን ልኬት በቁጥር አስፍሮ «መደበኛ የመጽሐፍ ፊደል ማንበብ አይችልም፣ ፊደሉ ሊጎላለት ይገባል፣ ለረጅም ጊዜ ሲያነብ ዓይኑ ስለሚደክም እረፍት ያስፈልገዋል» የሚል ወረቀት እጅግ ይረዳል። መስማት ለተሳነው የመስማት ምርመራ ውጤቱ ይያያዝ። የሐኪሙ ሙያና የፈቃድ ቁጥር፣ ፊርማና ማኅተም አይቅር፤ ስማችሁም ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል።

አንድ ቀላል የሚመስል ነገር ብዙዎችን አጉላልቷል፤ እርሱም ቀኑ ነው። ሐኪሙ በእኛ አቆጣጠር 12/11/2016 ብሎ ከጻፈ ሐምሌ 12 ቀን ማለቱ ነው፤ አሜሪካዊው የቢሮ ሠራተኛ ግን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 11 ቀን 2016 ብሎ ያነበዋል፤ ማስረጃው እውነተኛ ዕድሜው ላይ ከሰባት ዓመት በላይ ይጨመርበትና «ጊዜው ያለፈበት ነው» ተብሎ ይመለሳል። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ወሩም በፊደል ይጻፍ።

ቢሮው ማስረጃውን ካየና ተማሪውን ካነጋገረ በኋላ የማመቻቸት ደብዳቤ ይሰጣል። ደብዳቤው የተፈቀደውን እንጂ የበሽታውን ስም አይገልጽም፤ ለየኮርሱ መምህር የሚደርሰውም ይኸው ነው፣ በአብዛኛው በየሴሚስተሩ መታደስ ያስፈልገዋል። ተጨማሪ የፈተና ሰዓት፣ ጸጥ ያለ መፈተኛ ክፍል፣ በስክሪን ሪደር (ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ የኮምፒውተር ፕሮግራም) የሚነበብ መጽሐፍ፣ ማስታወሻ ያዥ እና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከተለመዱት መካከል ናቸው። መነጽር፣ ተሽከርካሪ ወንበርና የግል ረዳት ግን የተማሪው ኃላፊነት ናቸው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋ መሆኑም በራሱ አካል ጉዳት ስላልሆነ ተጨማሪ ሰዓት አያስገኝም። መስማት የተሳናችሁ ተማሪዎች የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋና የአሜሪካው የተለያዩ መሆናቸውን አስቡበት፤ የሚመደበው አስተርጓሚ የሚያውቀው የአሜሪካውን ስለሆነ እስክትለምዱት ድረስ የመምህሩን ንግግር ወዲያው ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ አገልግሎት መጠየቅ ይሻላል።

የሚጥል በሽታ፣ የስኳር ሕመም ወይም የአእምሮ ሕመም ያለባቸው «እኔ እኮ አካል ጉዳተኛ አይደለሁም» ሲሉ እሰማለሁ፤ በቤተሰብ ምክር ሕመሙን የሚደብቁም ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ሕግ ማሻሻያ ግን እየመጣ የሚሄድ ሕመምም በሚነሣበት ጊዜ ዋና ዋና የሕይወት ተግባራትን በእጅጉ የሚገድብ ከሆነ አካል ጉዳት እንደሆነ ደንግጓል።

አሁን ደግሞ በኤፍ-1 (በአሜሪካ የተማሪ) ቪዛ ላላችሁ ከሁሉ አብልጬ የማሳስበውን ልናገር። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት እንዲወስድ የኢሚግሬሽን ደንቡ ያስገድዳል። የአካል ጉዳተኞች ቢሮ «ኮርስ ቀንስ» ብሎ ቢፈቅድም ያ ፈቃድ ለቪዛው አይሠራም። ኮርሱን ከመጣላችሁ በፊት፣ እደግመዋለሁ፣ ከመጣላችሁ በፊት፣ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ውስጥ ሥልጣን የተሰጠው ኃላፊ ፈቃዱን መመዝገብ አለበት፤ ለዚህም ፈቃድ ያለው የሕክምና ዶክተር ወይም ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት የጻፈው ማስረጃ ያስፈልጋል። ፈቃዱ በየሴሚስተሩ የሚታደስ ሲሆን በአንድ የዲግሪ ደረጃ በድምሩ ከ12 ወር አይበልጥም። ሳያስፈቅዱ ኮርስ መጣል ሕጋዊ የተማሪነት ይዞታን ያሳጣል።

ወደ እንግሊዝ የሄዱ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ ይጠብቃቸዋል፤ መንግሥት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሚሰጠው ድጎማ ግን ለዓለም አቀፍ ተማሪዎች በአብዛኛው ስለማይደርስ ጥያቄያቸውን በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ያቅርቡ። በካናዳ መብቱ በየክፍለ ሀገሩ የሰብአዊ መብት ሕግ ውስጥ ይገኛል።

መምህሩ ደብዳቤውን ተቀብሎ ሳይፈጽም ከቀረ ከእርሱ ጋር ከመከራከር ወደ ቢሮው መመለስ ይሻላል። ቢሮውም ካልሰማ በአሜሪካ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት የፌደራል ገንዘብ ተቀባይ ተቋም ሁሉ የአንቀጽ 504 አስተባባሪና የቅሬታ ሥርዓት እንዲኖረው ስለሚገደድ፣ ቅሬታውን በጽሑፍ ለአስተባባሪው አቅርቡ። ለአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ አቤት ማለትም ይቻላል፤ ጊዜው በደሉ ከተፈጸመበት ቀን አንሥቶ 180 ቀን ነው። ስለዚህ በቃል የተነጋገራችሁትን ሁሉ በዚያው ቀን «ዛሬ የተስማማነው ይህ ነው» ብላችሁ በኢሜይል ላኩ፤ መልሱንም አስቀምጡ።