የጂም ተወዳዳሪ ክኒን ከመዋጡ በፊት ምን ይመልከት?

የጂም ተወዳዳሪን የሚያሳግድ ነገር ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ደሴ ፒያሳ አካባቢ እኔ የምሠራበት መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ አለ። ፋርማሲስት ነኝ፤ ከሥራ በኋላ ብረት አነሳለሁ። የደሴ ልጆችም፣ የሐረጎን አቀበት ወጥተው ከኮምቦልቻ የሚመጡትም "እታለም፣ ይሄ ያስቀጣል?" ይሉኛል። ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ ከዋጡት በኋላ ነው። እባካችሁ ጥያቄውን አስቀድሙት።

ዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ፣ ዋዳ፣ የተከለከሉትን ዝርዝር በየዓመቱ ያድሳል። አዲሱ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ይሠራል። ሰውነታችሁ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው እናንተ ናችሁ። "አሰልጣኜ ሰጠኝ" ማለት ከጥፋት ነፃ አያወጣም። ሆን ብሎ ለተጠቀመ ሰው የተለመደው ቅጣት የ4 ዓመት እገዳ ነው። አውስትራሊያዊው ሪኪ ጋራርድ እ.ኤ.አ. በ2017 ክሮስፊት በሚባለው የጂም ስፖርት ውድድር 3ኛ ወጥቶ ነበር። በምርመራ ቴስቶሎንና ኢንዱሮቦል የሚባሉ የተከለከሉ ቅመሞች ተገኙበት፤ ውጤቱን ተነጥቆ 4 ዓመት ታገደ። ኢንዱሮቦል መድኃኒት ሳይሆን የቀረው የተሞከረባቸው እንስሳት ላይ ካንሰር ስላመጣ ነው። እኔን ከእገዳው በላይ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ቴስቶስትሮንና ሌሎች ጡንቻ የሚያሳድጉ ስቴሮይዶች ሁልጊዜ ክልክል መሆናቸውን ታውቃላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ተራ የሚመስለው መድኃኒት ነው። ማንኛውንም ሣጥን ስትይዙ ገልብጡትና ከንግድ ስሙ ሥር በትንሹ የተጻፈውን ስም አንብቡ። ዝርዝሩ ላይ የምትፈልጉት እሱን ነው።

ዴክሳ እንጀምር። "ያወፍራል" ተብሎ እንደ ከረሜላ የሚዋጥ ክኒን ነው። ዴክሳሜታዞንም ሆነ ፕሬድኒሶሎን በአፍ ወይም በመርፌ ከተወሰደ በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው። የሚያሳየው ውፍረትም ጡንቻ አይደለም። ውሃና ስብ ነው፤ ሲቆይ እንዲያውም ጡንቻን ይበላል። ድንገት ማቆምም አደጋ ስላለው ቆይታችሁበት ከሆነ ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ።

ፉሮሴማይድ፣ ብዙ ሰው ላሲክስ የሚለው፣ ሁልጊዜ የተከለከለ ነው። ከውድድር በፊት "ውሃ ለማውጣትና ለመድረቅ" የሚገዙ አሉ። ከውሃው ጋር ፖታሲየም የሚባለው የሰውነት ጨው አብሮ ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል። ሰው ይሞታል። በዚህ ጉዳይ የሚያግባባኝ ሰው የለም፤ ያለ ማዘዣ አልሸጥም።

ጉሉኮስስ? ደከመኝ ብሎ ክሊኒክ ገብቶ አንድ ከረጢት ማስገባት እዚህ አገር የተለመደ ነው። ለተወዳዳሪ ግን በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ ክልክል ነው። ለእውነተኛ የሆስፒታል ሕክምና ካልሆነ በቀር ማለቴ ነው። አንዱ ከረጢት ብቻ ብዙ ጊዜ 500 ወይም 1000 ሚሊ ሊትር ይይዛል።

የጉንፋን ክኒን ስትገዙ ኤፌድሪን ወይም ሱዶኤፌድሪን እንዳለበት እዩ። ሁለቱም በውድድር ጊዜ ገደብ አላቸው። ትራማዶል እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በውድድር ጊዜ ተከልክሏል። አስም ያለባችሁ በቬንቶሊን አትደንግጡ፤ በሚነፋው በ24 ሰዓት ውስጥ እስከ 1600 ማይክሮ ግራም፣ በማንኛውም 8 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከ600 ሳያልፍ ይፈቀዳል።

ወሎ ላይ ሆኜ ጫትን ልዝለል አልችልም። በውስጡ ያሉት ካቲኖንና ካቲን በውድድር ጊዜ የተከለከሉ አነቃቂዎች ናቸው። "የውድድር ጊዜ" የሚባለው ከዋዜማው እኩለ ሌሊት፣ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ይጀምራል። ቁም ነገሩ ግን በዚያ ሰዓት ሽንታችሁ ውስጥ ያለው ነው። ስለዚህ የዋዜማው ከሰዓት ቅሚያ ሊያስጠይቃችሁ ይችላል። በቡና ግን አብሽሩ፤ ካፌይን አልተከለከለም። ክሬቲንም፣ የፕሮቲን ዱቄትም እንዲሁ።

ዱቄቱ ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። ጣሳው ላይ ያልተጻፈ ነገር ሊኖርበት ይችላል። በላስቲክ ተመዝኖ የሚሸጥ ዱቄት ጨርሶ አትግዙ። ኢንፎርምድ ስፖርት ወይም ኤን ኤስ ኤፍ የሚል ማረጋገጫ ካለው የምርት መለያ ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ ፈልጉ። ምልክቱ ብቻ አይበቃም፤ ምልክት ማንም ያትማል። ከዚያ ጣሳውን ፎቶ አንሱ፣ ደረሰኙንም አስቀምጡ።

በእውነት ታማችሁ የተከለከለ መድኃኒት ካስፈለጋችሁስ? መድኃኒቱን አትተዉ። ለሐኪሙ ተወዳዳሪ መሆናችሁን ንገሩትና የማይከለከል አማራጭ ካለ ጠይቁት። ከሌለ ለሕክምና የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ አለ። የሐኪም ማስረጃ ይዛችሁ በአገራችን ለፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን ታመለክታላችሁ። ቢያንስ ከውድድሩ 30 ቀን አስቀድሙ።

የምርመራ ቀን ሲጠሯችሁ አትሽሹ። እምቢ ማለት ራሱ ጥፋት ነው። የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ የመግባት መብት አላችሁ። ሽንት ስትሰጡ በተመሳሳይ ፆታ ባለሙያ ፊት ነው፤ ቢያንስ 90 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ናሙናው በኤ እና በቢ ጠርሙስ ሲከፈል ቁጥሮቹ ከቅጹ ጋር አንድ መሆናቸውን ራሳችሁ አመሳክሩ። በቅርብ ቀናት የወሰዳችሁትን ክኒንና ዱቄት ሁሉ ቅጹ ላይ አስመዝግቡ፤ ከመፈረማችሁ በፊትም ሙሉውን አንብቡት።