የመኮንን የጦር ሜዳ ማስታወሻ ለታሪክ ሥራ እንዴት ይነበባል?

ጎንደር ውስጥ ስለ ጦርነት ታሪክ መጻፍ የጀመረ ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ የመኮንን ማስታወሻ እጁ መግባቱ አይቀርም። ከዚያ ሁለት ዓይነት አያያዝ አያለሁ። አንዱ ያነበበውን እንዳለ ገልብጦ ታሪክ ይኸው ይላል። ሌላው ደግሞ «ራሱን ሊያወድስ የጻፈው ነው» ብሎ ይጥለዋል። ሁለቱም መጽሐፉን አልተጠቀሙበትም። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው እውነት ነው ውሸት ብዬ አይደለም። ሰውየው የት ቆሞ አየው? እሱ ነው ጥያቄዬ።

የት ቆሞ ስል በቁሙ ውሰዱት። የሻምበል አዛዥ የነበረ ሰው ስለ ሻምበሉ፣ ስለ ምሽጉ፣ ስለ ስንቁና ስለ ውኃ ጥሙ ሲያወራችሁ ጆሯችሁን ስጡት። ያው ሰው ጠቅላይ መምሪያው ምን አስቦ እንደነበር ሲተነትን ግን በሬዲዮ የሰማውን ወይ ከዓመታት በኋላ ያነበበውን እየነገራችሁ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካርታ ያዙ። በየምዕራፉ ሰውየው ያን ቀን የነበረበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ምልክት ማድረግ ያቃታችሁ ገጽ ላይ ቆም በሉ፤ ወሬው ከሌላ ሰው የመጣ መሆኑ አይቀርም።

አማርኛችን ራሱ ብዙ ይናገራል። «አየሁ»፣ «ሰማሁ»፣ «ተባለ»፣ «አሉ» አንድ አይደሉም። እኔ በተለያየ ቀለም አሰምርባቸዋለሁ። ከሁሉም በላይ አድራጊው የተደበቀበትን ግሥ አትለፉት። «ጠላት ተደመሰሰ» ሲል ማን ነው የደመሰሰው? «ምሽጉ ተለቀቀ» ሲልስ ማን አዘዘ? ድል ሲሆን «አዘዝኩ፣ መታሁ» ሲል የቆየው ሰው፣ ሽንፈት ሲመጣ «እንድናፈገፍግ ተደረገ» ማለት ከጀመረ፣ እዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ያልተነገረ ነገር አለ። በሌላ ምንጭ ፈልጉት።

ቀን ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔንም አሳስቶኛል። 1941 የሚል የፈረንጅ ዓመት ስታዩ 8 ቀንሳችሁ 1933 ብላችሁ አትለፉ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ጎንደር ላይ የመሸገው የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። በፈረንጆቹ ሁለቱም 1941 ናቸው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ ወዲያ 8 ነው። እኔ ይህን ሳላስተውል አንድ ጥሩ ማስታወሻ «ዓመቱን እንኳ አያውቅም» ብዬ ለወራት ወደ ጎን አድርጌው ነበር፤ የተሳሳትኩት ግን እኔ ነኝ። ሰዓቱም እንደዚያው ነው። የውጭ መኮንን በ15 ሰዓት ተኩስ ተከፈተ ካለ፣ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው።

የቦታ ስም ሲገርማችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ጣሊያኖቹ «አዞዞ» የሚሉት አዘዞን ነው። «ኩልኳልበር» ብለው የጻፉት ቁልቋል በር ነው።

ቁልቋል በርን ካነሳን እዚያው ትንሽ እንቆይ፤ ለልምምድ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ኅዳር 4 ቀን 1934 እንግሊዞችና አርበኞች እዚያ በመሸጉት ጣሊያኖች ላይ የሰነዘሩት ጥቃት ከሸፈ። ምሽጉ የተያዘው በኅዳር 12ቱ ነው። እንግዲህ ከአጥቂዎቹ ወገን የጻፈ ሰው ካገኛችሁ ኅዳር 4ን በስንት መስመር እንዳለፈው፣ ለኅዳር 12 ስንት ገጽ እንደሰጠ ቁጠሩ። ከተከላካዮቹ ወገን ከሆነ ደግሞ ካራቢኔሪ የሚባለው የጣሊያን ወታደራዊ ፖሊስ ኅዳር 12ን እስከ ዛሬ በየዓመቱ እንደሚያስበው አትርሱ። ጸሐፊው ያየውን ብቻ ሳይሆን የሠራዊቱን ክብርም ተሸክሞ ነው የሚጽፈው። ለእኛ ደግሞ ያው ቀን ኅዳር ሚካኤል ነው። ሽማግሌ ስትጠይቁ «ኅዳር 12 ምን ሆነ?» ከምትሉ «አባባ፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ምን ሆነ ሲባል ሰምተዋል?» በሏቸው። ቀኑን በታቦቱ ለያዘ ሰው ነገሩ ቶሎ ይመጣለታል።

በውጭ መኮንኖች ጽሑፍ ውስጥ አርበኞቻችን ብዙ ጊዜ በጅምላ ነው የሚጠሩት። ስም የለም፣ አገር የለም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ግን መሥራት ይቻላል። የአካባቢውን ፉከራና ቀረርቶ ሰብስቡ። ፉከራ ለቁጥር አይሆንም። ማን ከማን ጋር እንደዘመተ፣ የማን ልጅ እንደነበረ ግን ማስታወሻው የማይነግራችሁን ይነግራችኋል።

ስለ ቁጥር ካነሳሁ አይቀር፣ መኮንን የራሱን ሰው በስም መዝገብ ይቆጥራል፤ የጠላትን ሙት ግን በግምት ነው። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ አታስገቡ።

መቼ እንደተጻፈም እወቁ። ምሽግ ውስጥ በየማታው የተጫረና ከ30 ዓመት በኋላ የተጻፈ ለየቅል ናቸው። ከ1983 በኋላ ብዙ የቀድሞው ሠራዊት መኮንኖች ታስረዋል ወይም ተሰደዋል። ከዚያ ሁሉ በኋላ የጻፈ ሰው አንዳንዱን ገጽ ለከሳሹ መልስ አድርጎ ቢጽፈው አይፈረድበትም። እናንተ ግን የትኛው ገጽ መልስ፣ የትኛው ትዝታ እንደሆነ ለዩ። በራሱ ላይ የመሰከረበትን ቦታ በተለይ ያዙት፦ «ፈራሁ»፣ «ዘገየሁ»፣ «ልጆቹን ያለ ውኃ ላክኋቸው»። ይህን ለመጻፍ ጥቅም አይገፋውም።

በመጨረሻ፣ ያልታተመ ደብተር ያለበት ቤት ከገባችሁ ተጠንቀቁ። መጀመሪያ ቤተሰቡን አስፈቅዱ። ከሽፋኑ ጀምራችሁ ባዶውን ገጽ ሳይቀር በተራ ፎቶ አንሱ። ስትገለብጡ ፊደሉን አታርሙ፤ የተሰረዘውንም እንደተሰረዘ አሳዩ። በመሀል የተቀመጠች ደብዳቤ ወይም ፎቶ ካለች የትኛው ገጽ ላይ እንደነበረች ጻፉ። ከዚያ ደብተሩን ለባለቤቶቹ መልሱ፣ የፎቶውንም ቅጂ ስጧቸው።