ሚኒሞ አልይዝ ላለ አሮጌ መኪና፦ ካርቡሬተር ከማስፈታታችሁ በፊት

ዲኤክስም ሆነ ሌላ የቆየ መኪና ያላችሁ፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ከፍ ዝቅ እያለ ካስቸገራችሁ ካርቡሬተር ለማስፈታት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ከማኒፎልዱ (አየርና ቤንዚን ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው ክፍል) የሚነሱትን ቀጫጭን የአየር ጎማዎች፣ ማለትም የጎማ ቱቦዎች፣ እዩ፤ ከተሰነጠቁ ያልተፈለገ አየር ያስገባሉ። ሙቀት ያደርቃቸዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቁት ደግሞ አፋቸው ላይ፣ የተሰኩበት ቦታ ጋ ነው። የእኔ ከላይ ሲያዩት አዲስ ይመስል ነበር፤ ገልበጥ ሳደርገው ከሥሩ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ተገኘ።

ሞተሩን አስነሱና ኮፈኑን ከፍታችሁ "ስስስ" የሚል ድምፅ አዳምጡ። እጅጌያችሁን ከቺንጋና ከፋን አርቁ። ከዚያ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በፒንሳ ቀስ ብላችሁ ጨምቁ። የትኛው ሲጨመቅ ሞተሩ ድንገት ረጋ እንዳለ ልብ በሉ፤ አየር የሚስበው እሱ ነው። የሳሙና ውሃ ጠብ ጠብ ማድረግም ይረዳል፤ ስንጥቁ ውሃውን ሲስበው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። ቤንዚን ግን በፍጹም እንዳትረጩ፣ በጋለ ሞተር ላይ እሳት ይነሳል።

ወደ ፍሬን ሰርቮ (ፍሬን ስትረግጡ ጉልበት የሚያግዛችሁ ክፍል) የሚሄደውን ወፍራም ጎማ በተለይ አደራ። ሞተሩን አጥፍታችሁ ፍሬኑን አራት አምስት ጊዜ ርገጡ፤ እግራችሁን ሳታነሱ አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች መስመጥ አለበት። ካልሰመጠ ጎማው፣ ቫልቩ ወይም ራሱ ሰርቮው ችግር አለበትና ሳታሠሩ መንገድ አትውጡ።

የተሰነጠቀው አፉ ብቻ ከሆነና ርዝመቱ ከበቃ፣ ጫፉን በምላጭ ቆርጦ መልሶ መሰካት ይበቃል።