የቮልሴ «ቀጭ ቀጭ» እንዴት ጠፋ

ቮልሴ የቤዛዊትን ዳገት ስትወጣ ከኋላ «ቀጭ ቀጭ» ማለት ጀመረች። ባሕር ዳር ውስጥ የጠየቅሁት ሁሉ «ዘይቷ ላይ ወፍራም አዲቲቭ ጨምርባት፣ ዝም ትላለች» አለኝ። ዝም ማለትና መዳን ግን ለየቅል ናቸው።

ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ የቫልቭ ክዳኖቹን ከፍቼ በእያንዳንዱ ቫልቭና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው በታወቀ ስስ የብረት ምላሶች) ለካሁ። 0.15 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው የአንዱ ክፍተት የ0.30ውን ምላስ ያለ ችግር ያሳልፋል። ብሎኑን አላልቼ፣ ጌጁ ትንሽ ያዝ እያደረገ እስኪወጣ አስተካክዬ መልሼ አጠበቅሁ። ድምፁ ጠፋ።

አዲቲቩን ያመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ወፍራሙን ሳይሆን ዚንክና ፎስፈረስ ያለበትን። ብዙዎቹ አዳዲስ የቤንዚን ሞተር ዘይቶች ለካታሊቲክ ኮንቨርተር (የጭስ ማጽጃ) ሲባል ይህን ቀንሰዋል። የቮልስ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) ደግሞ ግፊቱን ወደ ቫልቩ የሚያደርሰውን ታፒት እየፈተገ ስለሚሠራ ያስፈልገዋል (ኮንቨርተር እንደሆነ የእኔዋ አታውቀውም)።

ልኩ ላይ ተጠንቀቁ። ሞተሯ የሚይዘው 2.5 ሊትር ዘይት ነው፤ የገዛሁት ጠርሙስ ለ5 ሊትር ስለሆነ ግማሹን ብቻ ጨመርኩ። ሲበዛ ይጎዳል። የወረቀት ፊልትሮም የላትም፣ ወንፊት ብቻ፤ ስለዚህ ዘይቱ በየ5,000 ኪሎሜትሩ ይቀየራል።

ዘይት እየበላች ሰማያዊ ጭስ ለምታወጣ መኪና ግን ይህ አይሠራም፤ እሷ ፋሻዋ (የፒስተን ቀለበቷ) ይታይ።