የሕፃኑን ጡጦ ስናዘጋጅ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ የዱቄት ወተቱን የምበጠብጠው ለብ ባለ ውሃ ነበር። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልጅ እየጮኸ ማን ውሃ እስኪፈላ ይጠብቃል? ውሃው ቀን የፈላ ነው፣ ጣሳውም ታሽጎ የመጣ ነው፣ ታዲያ ምን ቀረው እል ነበር። አንዲት ነርስ ስታስረዳኝ ነው የደነገጥኩት።

ትልቁ ስህተት ይሄው ነው፤ ዱቄቱ ከጀርም የጸዳ ነው ብሎ ማመን። አይደለም። ክሮኖባክተር የሚባል ባክቴሪያ ደረቅ ዱቄት ውስጥ ሳይሞት ብዙ ጊዜ ይቆያል። በሽታው የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ነው። ግን 2 ወር ያልሞላውን ወይም ያለጊዜው የተወለደውን ሕፃን ከያዘ ደሙን ሊመርዝ፣ ማጅራት ገትርም ሊያመጣ ይችላል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ዱቄቱ የሚበጠበጥበት ውሃ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መሆን የለበትም የሚለው። ሙቀቱ ዱቄቱን ከማሟሟት አልፎ ጀርሙንም ይገድላል። 1 ሊትር ያህል ውሃ አፍሉና ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ ተጠቀሙበት። ውሃው ትንሽ ከሆነ ቶሎ ስለሚበርድ ያን ያህል አትጠብቁ።

እንዲህ የተዘጋጀ ወተት ያቃጥላል። ጡጦውን ክዳኑን ገጥማችሁ ከቧንቧ ውሃ ስር ያዙት፤ ውሃው ክዳኑ ጋ እንዳይደርስ ተጠንቀቁ። ከዚያ የእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጉ። ለብ ካለ ደርሷል። በማይክሮዌቭ ማሞቅ ግን ይቅር። ጡጦው ከውጭ ቀዝቀዝ ብሎ ውስጡ አንዱ ቦታ የሚፋጅ ሊሆን ይችላል።

ልኬቱ ላይም ብዙ እንሳሳታለን። መጀመሪያ ዱቄቱን ጨምሮ ውሃውን እስከ መስመሩ መሙላት ወተቱን ያወፍረዋል፣ ዱቄቱ ራሱ ቦታ ይይዛላ። ውሃው ይቅደም። ጡጦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ጎንበስ ብላችሁ መስመሩን በዓይናችሁ ትክክል እዩት። ማንኪያው የዚያው ጣሳ ይሁን፤ የሌላው ልኩ ሊለይ ይችላል። ዱቄቱን ሳትጠቀጥቁ አናቱን በንጹሕ ቢላዋ ጀርባ ጠረግ አድርጉት።

ጣሳው ቶሎ እንዳያልቅ ተብሎ የሚቀጥን ወተት በጣም ያሳስበኛል። እናት ጨክና አይደለም የምታደርገው፣ ቸግሯት ነው። ነገር ግን ውሃ የበዛበት ሕፃን ምግብ ከማጣቱም በላይ ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይወርድና እስከ መንቀጥቀጥ ሊደርስ ይችላል። ወተቱ ካጠራችሁ ሳታፍሩ ለጤና ባለሙያ ንገሩ። ማወፈርም አያጠግብም፤ ሆዱን ያደርቀዋል፣ የሰውነቱንም ውሃ ያሟጥጣል።

የተረፈ ወተት መድፋት ያሳሳል፣ አውቃለሁ። ግን ሕፃኑ አንዴ ከጠባው ምራቁ ገብቶበታል፣ ጀርምም ይራባበታል። መጥባት ከጀመረ 1 ሰዓት ካለፈ ይደፋ። ያልተነካውም ቢሆን ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ፍሪጅ ውስጥ፣ 5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ለሌሊት የሚሻለው የፈላ ውሃ በጥሩ ፔርሙስ፣ የተለካ ዱቄት ደግሞ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ አዘጋጅቶ መተኛት ነው። ውሃው ግን ሲበጠበጥበት ገና የሚፋጅ መሆን አለበት።

እጥበቱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የጡጦውን ቀለበት ፈታችሁ ጥርሱን በጣታችሁ ዳስሱት። የሚያንሸራትት ነጭ ነገር ካገኛችሁ የትናንት ወተት ነው። ሁሉንም ፈታታችሁ በሳሙናና በብሩሽ እጠቡ፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጥልቃችሁ ቢያንስ 5 ደቂቃ ቀቅሉ። በፎጣ አትወልውሉት፣ በራሱ ይድረቅ። አዲስ የተገዛ ጡጦም መጀመሪያ ይቀቀላል።

ጣሳውን የከፈታችሁበትን ቀን ደግሞ ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት። ወር ካለፈው፣ ግማሽ ቢቀረውም ይጣል።